«ጉዳይህ ጥሩ ነው፤ ግን ትንሽ ነው»

(በደቡብ ሲያትል፣ ሬይኒየር ቫሊ፣ እሁድ ከሰዓት በኋላ ለተሰበሰቡ ወገኖች ያደረግሁት ንግግር ነው። ከድምፅ ቅጂው ሲገለበጥ ብዙም አልነካካሁትም።)

እንደምን ዋላችሁ! እናቶች፣ አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ከኋላ የቆማችሁ፣ እዚህ ፊት ባዶ ወንበር አለ፤ ኑ ግቡ። አንተ ወንድሜ፣ ለእናታችን ተነስላቸው። እግዜር ይስጥህ።

አንድ ማስታወቂያ ደርሶኛል። ሰማያዊ ፕሪየስ መውጫውን ዘግቷል ይላል። ኧረ ተቀመጡ! ግማሹ አዳራሽ ተነሳ እኮ! (ሳቅ)

እሺ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ ገንዘብ ነው። ስለ ትልቅ ገንዘብ ግን አይደለም። ሚሊዮን የተፈረደለት ሰው ታሪክ የሚፈልግ ዩቲዩብ ይክፈት። የእኔ ወሬ ስለ ሦስት ሺህ፣ ስለ አምስት ሺህ፣ ስለ ስምንት ሺህ ዶላር ነው። ከኋላ ተገጭታችሁ ባምፐራችሁ የረገፈ ጊዜ። አንገታችሁን ስድስት ሳምንት ያመማችሁ ጊዜ። የሰው ውሻ እጃችሁን የነከሰ ጊዜ። ያኔ ወደ ጠበቃ ትደውላላችሁ። ጠበቃው ምን ይላችኋል?

አዎ! «ትንሽ ነው» ይላችኋል። ከዚያ ማዶ ሰምቻለሁ፤ የደረሰበት ሰው ነው የመለሰው።

ከመቀጠሌ በፊት አንድ ነገር ልበል። እኔ የማወራው ስለ ሕጉ ነው። የእያንዳንዳችሁን ፋይል አላየሁም። ነገ ችሎት ገብቶ «እሁድ ለት አዳራሽ ውስጥ ተነግሮኛል» የሚል ሰው እንዳይኖር። ዳኛዋ እኔን አታውቀኝም።

አሁን የራሴን ልንገራችሁ። ጠበቃ ከመሆኔ በፊት እዚሁ ከተማ ታክሲ እነዳ ነበር። ቀን ትምህርት፣ ማታ ኤርፖርት። አንድ ጠዋት ማርቲን ሉተር ኪንግ ዌይ ላይ ቀይ መብራት ይዞኝ ቆሜያለሁ። ቡናዬ በእጄ ነው። ድው! ቡናው ጭኔ ላይ፣ ባምፐሩ አስፋልት ላይ። የገጨችኝ ልጅ ወርዳ አለቀሰች። እኔው አባበልኳት። ኢንሹራንስ አላት፤ ፖሊስ ሪፖርት ተጻፈ፤ ጥፋቱ የሷ ነው ተባለ። ምን ጎደለ? ምንም አልጎደለም አልኩ።

መኪናው ጋራዥ 11 ቀን ተቀመጠ። 11 ቀን ሥራ የለም። የቤት ኪራይ ግን አለ። አንገቴ እንደ በር ማጠፊያ ይንቋቋል። የኢንሹራንሱ አድጀስተር፣ ማለትም ካሳውን የሚገምተው ሠራተኛ፣ ደወለልኝ። በጣም ትሁት ሰው ነበር፤ ስሜን እንኳን አስተካክሎ ለመጥራት ሦስት ጊዜ ሞከረ። ከዚያ የጋራዡን ሒሳብ በግማሽ ቆረጠው። ሥራ ለፈታሁበት ቀን ዜሮ። ለአንገቴ 300 ዶላር። «ካልተስማማህ መክሰስ መብትህ ነው» አለኝ፤ በዚያው ትሁት ድምፁ።

መክሰስ መብቴ ነው! ሦስት ጠበቃ ጋ ሄድኩ። ሁለቱ ከጸሐፊያቸው አላለፍኩም። ሦስተኛው ግን ደግ ሽማግሌ ነበር። ወረቀቶቼን አንድ በአንድ አነበበና መነጽሩን አወለቀ። «ልጄ፣ ጉዳይህ ጥሩ ነው፤ ግን ትንሽ ነው» አለኝ። ከዚያ በእርሳስ ሒሳቡን ሠራልኝ። የምጠይቀው ሁሉ ተደምሮ 5,000 ዶላር ገደማ ነው። እሱ ከሚያሸንፈው ሲሶውን ቢወስድ 1,600 ምናምን ይደርሰዋል። ሥራው ግን 30 ሰዓት ይፈጃል። በሰዓት ላስከፍልህ ካለኝ ደግሞ ካሸነፍኩት በላይ ለእሱ እከፍላለሁ። እርሳሱን አስቀመጠ። ምን እላለሁ? አመሰግናለሁ ብዬ ወጣሁና የአድጀስተሩን ቼክ ፈርሜ ተቀበልኩ።

ያ አድጀስተር ይህን የእርሳስ ሒሳብ ከእኔ በፊት ያውቀው ነበር። ትህትናው ሁሉ ከዚያ የመጣ ነው።

እንግዲህ ሦስት ነገር እነግራችኋለሁ። አንደኛ፣ እዚህ አገር የጠበቃ ሒሳብ ማን ይከፍላል? ሁለተኛ፣ በዋሽንግተን ስቴት ለትንንሽ ጉዳይ የወጣው ልዩ ሕግ ምን ይላል? ሦስተኛ፣ ለዚያ ሕግ የምታስፈልገው አንዲት ወረቀት እንዴትና መቼ ትላካለች? ዋሽንግተን ስል ደግሞ ይህችን የኛን ዝናባማዋን ነው። ዲሲ ዘመድ ያላችሁ ይህን ቅጂ ልካችሁ እንዳታሳስቷቸው። ሕጉ አውሮፕላን አይሳፈርም።

አንደኛው።

እኛ ከአገራችን ይዘን የመጣነው ሐሳብ አለ። የተረታ ይከፍላል። የአገር ቤት ፍርድ ሰምታችሁ የምታውቁ መጨረሻ ላይ የምትመጣዋን ዓረፍተ ነገር ታስታውሷታላችሁ። እስቲ አብረን እንበላት፦ «የወጪና ኪሳራ ዝርዝር የማቅረብ መብታቸው የተጠበቀ ነው።» አያችሁ፣ ሁላችሁም ታውቋታላችሁ! የ1958 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችን ከአንቀጽ 462 ጀምሮ ያለው ይኸው ነው። ወጪውን ማን ይሸፍን የሚለውን ፍርድ ቤቱ ይወስናል፤ ረቺው ዝርዝሩን ያቀርባል፤ የጠበቃ አበልም እዚያ ውስጥ ይገባል።

አባቴ በድንበር ጉዳይ ጎጃም ውስጥ አራት ዓመት ተሟግቷል። ለመንገድ፣ ለጽሕፈት፣ ለጠበቃ እያለ አንድ በሬ ሸጠ። ሲፈረድለት መጀመሪያ የጠየቀው ስለ መሬቱ አልነበረም። «በሬዬሳ?» አለ። ጠበቃው ያቺን የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር አነበበለት። አባቴ ማንበብ አይችልም ነበር፤ ያቺን ዓረፍተ ነገር ግን እስኪሞት በቃሉ ያውቃት ነበር።

አሜሪካ ውስጥ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እዚህ አሸነፍክም ተሸነፍክም የራስህን ጠበቃ ራስህ ትከፍላለህ። ይህ አዲስ አይደለም። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1796 የተናገረው ነገር ነው፤ ከዚህ ወዲያ ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጠራው። ሕግ አውጪው «በዚህ ጉዳይ ግን ተሸናፊው ይክፈል» ብሎ ካልጻፈ፣ ወይም ውላችሁ ላይ ካልተጻፈ፣ የበሬው ነገር አይነሳም።

ትልቅ ጉዳይ ላይ ይህ ብዙ አይጎዳም። 200,000 ዶላር የተፈረደለት ሰው ሲሶውን ለጠበቃው ሰጥቶ የሚተርፈው አለ። ትንሽ ጉዳይ ላይ ግን በሩን ይዘጋዋል። አገር ቤት «በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል» እንላለን። እዚህ በ4,000 ዶላር ጉዳይ «በሕግ አምላክ» ብትል አድጀስተሩ አይቆምም። ሒሳቡን ያውቀዋላ!

ሁለተኛው። ዛሬ የመጣሁት ለዚህ ነው።

ሕግ ትምህርት ቤት ሳለሁ አንድ ማታ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የዋሽንግተንን ሕግ እያገላበጥኩ ነበር። ምዕራፍ 4.84። ስለ ወጪ ነው፣ እንቅልፍ የሚያመጣ ምዕራፍ ነው። ቁጥር 250 ላይ ስደርስ በተቀመጥኩበት ወንበር ላይ ቀጥ አልኩ። ምን ይላል? በአጭሩ፣ የጉዳት ካሳ ክስ ከሆነና የተጠየቀው ገንዘብ ከ10,000 ዶላር ካልበለጠ፣ ዳኛው ለረቺው ወገን ተገቢ የጠበቃ ክፍያ ይቆርጥለታል። ይቆርጥለታል! «ሊቆርጥለት ይችላል» አይልም።

ቀኑን አየሁት። ሕጉ መጀመሪያ የወጣው በ1973 ነው። ጣሪያው ቀስ በቀስ አድጎ ከሐምሌ 1985 ጀምሮ 10,000 ዶላር ሆነ። እኔ የአድጀስተሩን ቼክ የፈረምኩት መቼ ነው? ከዚያ ከብዙ ዓመት በኋላ! ሕጉ እዚያው ነበር። ያ ደግ ሽማግሌ ጠበቃም ይህን ሕግ ረስቶታል ወይም አያውቀውም። አላዘንኩበትም። እሺ፣ ትንሽ አዝኜበታለሁ።

ሕጉ ለምን ወጣ? የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1987 አብራርቶታል። ሰዎች ከፍርድ ቤት ውጭ እንዲስማሙ ለማበረታታት፤ ያለ በቂ ምክንያት ትንሽ ክስ የሚያነሳውን ወይም አልከፍልም ብሎ የሚያንገላታውን ለመቅጣት፤ እውነተኛ ጉዳይ ያለው ሰው ያገኘውን ካሳ ጠበቃ እንዳይበላበት ለማድረግ። ልብ በሉ፣ «የሚያነሳውን ወይም የሚያንገላታውን» ነው ያልኩት። ቢላው በሁለቱም በኩል ይቆርጣል። እመለስበታለሁ።

አሁን ዋናው ጥያቄ። «ረቺ» ማለት ማን ነው? የተፈረደለት ሁሉ ነው? አይደለም! ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

የዱሮ ሙግት ታስታውሳላችሁ? ታላላቆቻችን ያስታውሱ ይሆናል። ተሟጋቹ ዳኛ ፊት ይቆምና ውርርድ ይጠራል። ማር እወራረዳለሁ፣ በቅሎ እወራረዳለሁ ይላል። በአፉ ብቻ ከሆነ ማንም ደፋር ነው። በቅሎውን ሲወራረድ ግን ቆም ብሎ ያስባል። እሰጥ አገባ የምንለውም የዚያ የሙግት ዘመን ቃል ነው።

የዋሽንግተን ሕግ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ከሳሽ ለተከሳሽ ደብዳቤ ይልካል። «በዚህ ያህል ገንዘብ እንስማማ» ይላል። ቁጥር ይጠራል ማለት ነው። ተከሳሹ እምቢ ካለ ክርክሩ ይቀጥላል። መጨረሻ ላይ የተፈረደው ገንዘብ ከሳሽ ከጠራው ቁጥር እኩል ወይም በላይ ከሆነ ከሳሽ ረቺ ነው። ተከሳሹም በበኩሉ ቁጥር መጥራት ይችላል። የተፈረደው ተከሳሹ ከጠራው እኩል ወይም በታች ከሆነ ደግሞ ተከሳሹ ረቺ ነው። ለከሳሹ ምንም ካልተፈረደለትም ረቺው ተከሳሹ ነው። ሲነጻጸር የፍርድ ቤት ወጪ አይደመርም፤ ካሳው ብቻ ነው።

በቁጥር ላሳያችሁ። እንበል፣ መኪናችሁም አንገታችሁም ተደምሮ 6,500 ዶላር ያወጣል ብላችሁ ታምናላችሁ። ደብዳቤው ላይ 5,500 ብላችሁ ጻፋችሁ። ኢንሹራንሱ ሳቀና «2,000 እንሰጣለን» አለ። ችሎት ተደረገ። 5,800 ተፈረደላችሁ። 5,800 ከ5,500 ይበልጣል። ረቺ ናችሁ። ጠበቃችሁ 32 ሰዓት ሠርቷል እንበል፤ በሰዓት 300 ዶላር። ዳኛው «ሰዓቱም ዋጋውም ተገቢ ነው» ካለ 9,600 ዶላር ከተከሳሹ ወገን ይወጣል። የጠበቃው ሒሳብ ከካሳው በለጠ አይደል? ይሁን! ሕጉ የታሰበው ለዚሁ ነው። 5,800ዋ የናንተ ናት።

አሁን ያንኑ ታሪክ ትንሽ እንለውጠው። ደብዳቤው ላይ 5,500 ሳይሆን 6,500 ጻፋችሁ። የተፈረደው ያው 5,800 ነው። 5,800 ከ6,500 ያንሳል። ከተከሳሹ 2,000 ደግሞ ይበልጣል። ማን ረታ? በዚህ ሕግ ማንም አልረታም። እያንዳንዱ የራሱን ጠበቃ ይከፍላል። ሺህ ዶላር ለማትረፍ ብላችሁ ወደ 10,000 የሚጠጋ ገንዘብ ተበተነ።

አንድ ሰው ከፍርድ በኋላ ቢሮዬ መጣ። ጉዳዩን እኔ አልያዝኩትም፤ ይግባኝ ይኖረው እንደሆነ ሊጠይቅ ነው። ቀበቶውን እንደ ፈታ ሰው ተዝረክርኮ ተቀመጠ። ፓርኪንግ ውስጥ አንድ መኪና ወደ ኋላ ሲሄድ ገጭቶታል። ተከሳሹ ወገን በጽሑፍ 4,000 ዶላር እንስጥህ ብሎት ነበር። ጓደኞቹ «9,900 ጠይቅ፣ እነሱ ገንዘብ አላቸው» አሉት። ጠየቀ። ችሎቱ ውስጥ ጥፋቱ 30 ከመቶ የሱም ነው ተባለ። በዋሽንግተን ሕግ የራሳችሁ ጥፋት ድርሻ ከካሳችሁ ላይ ይቀነሳል። ተቀናንሶ 3,600 ዶላር ወጣለት። ከ4,000 በታች! የተከሳሹን ጠበቃ እሱ ይክፈል ተባለ። ካሳውን ሁሉ ወሰደው፣ ጨመረበትም። «ከሳሹ እኔ፣ ዕዳው የኔ?» አለኝ። ምን ልበለው? ሻይ አቀረብኩለት።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ቁጥሩን በልክ ጥሩ። እለምናችኋለሁ፣ በልክ ጥሩ። ጎረቤት የነገራችሁን ቁጥር ሳይሆን ማስረጃችሁ የሚሸከመውን ቁጥር፣ ከዚያም ትንሽ ዝቅ አድርጋችሁ። ጉዳያችሁ 12,000 ወይም 13,000 የሚያወጣ ቢሆን እንኳን 10,000 ብቻ ጠይቃችሁ በዚህ ሕግ ሥር መግባት የሚያዋጣበት ጊዜ አለ። ይህን ከጠበቃ ጋር ቁጭ ብሎ ማስላት ነው።

ስለ ማስረጃ ካነሳሁ፣ ብዙ ሰው የሚተወው ገንዘብ አለ። የጋራዥ ሒሳብ ብቻ አይደለም ካሳ። መኪናው ጋራዥ በቆመበት ጊዜ መጠቀም ያልቻላችሁበት አለ። ከተሠራም በኋላ «የተገጨ መኪና» ተብሎ ዋጋው መውረዱ አለ። የቀረ የሥራ ቀን አለ። ኡበርና ሊፍት የምትነዱ፣ ያለፉትን ወራት ገቢ ከአፑ ላይ አውርዳችሁ አስቀምጡ። «በቀን ይህን ያህል እሠራ ነበር» ማለት ብቻውን አይበቃም።

አንድ ጥያቄ ሁልጊዜ ይመጣል። «ሰውየው ይቅርታ ጠይቆኛል፤ እንዴት እከሰዋለሁ?» ይሉኛል። ይህ የኛ ነገር ነው፤ ደግሞም ጥሩ ነገር ነው። አንዲት እናት የገጫት ልጅ ሆስፒታል አበባ ይዞ መጣላትና «ይህን ልጅ ከስሼ እግዚአብሔርን ምን እለዋለሁ?» አለችኝ። እዚህ ስቴት ክሱ ላይ የሚጻፈው የሾፌሩ ስም ነው፤ የኢንሹራንሱ ስም አይደለም። ስለዚህ ይከብዳል፣ ይገባኛል። ግን ልጁ በየወሩ የኢንሹራንስ የሚከፍለው ለምንድነው? ጠበቃ የሚያቆምለትም፣ ብዙውን ጊዜ የሚከፍልለትም ኩባንያው ነው። እዚህ ማንም መኪና የሚነዳ ቢያንስ 10,000 ዶላር የንብረት ጉዳት መድን ሊኖረው ግድ ነው። እናትየዋ በመጨረሻ ልጁን ቤቷ ጠርታ ምሳ አብልታው ነው የከሰሰችው። እውነቴን ነው! (ሳቅ)

ሦስተኛው። ወረቀቷ፣ ያቺ ቁጥር የሚጠራባት ደብዳቤ።

ወረቀቷ አንድ ገጽ ናት። እዚህ ይዣታለሁ፣ ስምና ቁጥሩን አጥፍቼዋለሁ፤ ከኋላ ያላችሁ ቡናው ሲቀርብ መጥታችሁ እዩዋት። ከላይ የፍርድ ቤቱ ስምና የመዝገብ ቁጥር። መሐል ላይ ሁለት ነገር ትላለች። «ከሳሽ የሚጠይቀው ከ10,000 ዶላር አይበልጥም፣ በ4.84.250 መሠረት የጠበቃ ክፍያ እጠይቃለሁ» ትላለች። ቀጥላ «በዚህ ያህል ዶላር ለመስማማት ዝግጁ ነኝ» ትላለች። ታች ፊርማና በየትኛው ቀን፣ በምን መንገድ፣ ለማን እንደ ደረሰ የሚያሳይ ማረጋገጫ። አለቀ። ቁጣ የለ፣ ስድብ የለ፣ «እንዴት እንደዚህ ታደርጉኛላችሁ» የለ።

ያ የ10,000 ዶላር ዓረፍተ ነገር ለምን ያስፈልጋል? ተከሳሹ በዚህ ሕግ እንደምትሄዱበት አስቀድሞ ማወቅ አለበት። ማስጠንቀቂያ ሳይሰጡት በኋላ «የጠበቃዬን ክፈል» ማለት አይሆንም። ክሱ ላይም ብታስጽፉት ጥሩ ነው።

ቀኑስ? ሁለት አጥር አለው። ክሱ ፍርድ ቤት ገብቶ፣ መጥሪያውም ለተከሳሹ ደርሶ 30 ቀን ሳይሞላ መላክ አይቻልም። ችሎቱ ሊጀመር ከ10 ቀን ያነሰ ሲቀርም አይሠራም። ቸኩሎ የላከ አፍሶ ለቀመ። ዘግይቶ የላከ ደግሞ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ጉዳዩ መጀመሪያ ወደ ግልግል የሚሄድ ከሆነ ከግልግሉ በፊት ላኩት፣ ኋላ አለ አትበሉ። እኔ ቢሮ ግድግዳ ላይ ትልቅ ካላንደር አለ። 30ኛዋ ቀን በአረንጓዴ፣ 10ኛዋ በቀይ። በመሐላቸው ያሉት ቀናት የናንተ ናቸው።

አንድ ነገር አደራ። ይህን ደብዳቤ ፍርድ ቤት አታስገቡት፤ ለዳኛም ለጁሪም ስለ ቁጥሩ ትንፍሽ አትበሉ። ፍርዱ እስኪሰጥ ሚስጥር ነው። ከፍርድ በኋላ ኤንቨሎፑ ይከፈታል ማለት ይቻላል።

እውነቱን ንገረን ካላችሁ፣ አብዛኛው እንዲህ ያለ ጉዳይ ችሎት አይደርስም። ደብዳቤው ሲደርስ አድጀስተሩ እርሳሱን እንደገና ያነሳል። ድሮ «ቢከስ ምን ያመጣል? ጠበቃ አያገኝም» ይል ነበር። አሁን «ብንሸነፍ የሱን ጠበቃ ጭምር ነው» ይላል። ስልክ ይደወላል። ድምፁ ያው ትሁት ነው፣ ቁጥሩ ግን ሌላ ነው።

ፈጠን ልበል፣ ቡናው እየሸተተኝ ነው።

ስሞል ክሌምስ፣ የትንንሽ ገንዘብ ክርክር የሚታይበት ችሎት፣ አለ አይደል? አለ። ለግለሰብ እስከ 10,000 ዶላር ድረስ ያያል፣ ርካሽ ነው፣ ፈጣን ነው። ጠበቃ ግን ያለ ዳኛ ፈቃድ አይቆምላችሁም። የጠበቃ ክፍያ ወሬ እዚያ የለም። ጉዳያችሁ ባምፐር ብቻ ከሆነ፣ እንግሊዝኛችሁ ካላስቸገራችሁ፣ ፎቶና ደረሰኝ ካላችሁ እዚያ ሂዱ። አስተርጓሚ መጠየቅም ትችላላችሁ። ሐኪም የሚመሰክርበት፣ ጥፋቱ የሚያከራክር ከሆነ ዲስትሪክት ኮርት ወይም ሱፒሪየር ኮርት ነው፤ የነገርኳችሁ ሕግ በሁለቱም ይሠራል።

የራሳችሁ ኢንሹራንስ ከከለከላችሁስ? ያ ሌላ መንገድ ነው፣ እንዲያውም የሰፋ። ኩባንያችሁ «ይህ በውልህ አይሸፈንም» ብሎ ፍርድ ቤት ካስኬዳችሁና ካሸነፋችሁት፣ ከ1991 ጀምሮ የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የጠበቃ ክፍያ እንድታገኙ ፈቅዷል። በ2007 ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ ያጸደቀው ሌላ ሕግም አለ፤ ያለ ምክንያት የከለከለ ኩባንያ የጉዳታችሁን እስከ ሦስት እጥፍ እንዲከፍል ሊፈረድበት ይችላል። ለዚያ ክስ ግን 20 ቀን አስቀድሞ ለኩባንያውና ለኢንሹራንስ ኮሚሽነሩ ቢሮ በጽሑፍ ማሳወቅ አለ። ይህን ሌላ እሁድ እናወራዋለን።

ፖርትላንድ ዘመድ ያላችሁ? ኦሪገን የራሷ ሕግ አላት፣ 20.080 ይባላል። እዚያም ጣሪያው 10,000 ዶላር ነው። ልዩነቱ፣ ደብዳቤው የሚላከው ከክሱ በፊት ነው፤ ቢያንስ 30 ቀን ቀደም ብሎ። የሕክምና ወረቀቱን ወይም የጥገና ሒሳቡን አያይዞ፣ የሚታወቅ ከሆነ ለኢንሹራንሱም ቅጂ ይላካል። ተከሳሹ ከክሱ በፊት እሰጣለሁ ካለው በላይ ከተፈረደ ከሳሹ የጠበቃ ክፍያ ያገኛል። እዚህ ከክስ በኋላ፣ እዚያ ከክስ በፊት። ድልድዩን ስትሻገሩ አትደባልቁት።

ሬስቶራንትና ሱቅ ያላችሁ፣ «ይህ ለከሳሽ ነው፣ እኛን አይመለከትም» ብላችሁ ስልካችሁን ስትነካኩ አያለሁ። ይመለከታችኋል! ሰው በራችሁ ላይ ተንሸራቶ ወድቆ 8,000 ቢጠይቃችሁ፣ እናንተም ቁጥር መጥራት ትችላላችሁ። ተገቢውን ጥሩና ኤንቨሎፑ ውስጥ አስቀምጡት።

ጥያቄ ካለ ሁለት ብቻ። አዎ፣ እትዬ።

«የኔስ ከሁለት ዓመት በፊት ቼክ ተቀብዬ ፈርሜያለሁ። አሁን ይቻላል?»

እትዬ፣ ወረቀቱን ማየት አለብኝ። ለመኪናው ብቻ የተፈረመ ይሆናል፣ ለሁሉም የተፈረመ ይሆናል። «ሁሉንም ትቻለሁ» ብለው ፈርመው ከሆነ ነገሩ ይከብዳል። ይዘውልኝ ይምጡ። ሌሎቻችሁም ስሙ፤ ቼኩ ጀርባ ላይና አብሮ በመጣው ወረቀት ላይ ያለውን ሳታስነብቡ አትፈርሙ።

ሌላ? ጋሼ፣ እጅዎን ካነሱ ቆዩ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

«እኔ የተገጨሁት ሊሞላው ነው ሦስት ዓመት። አሥር ቀን ይሁን ምን ቀርቶኛል። የሰጡኝን አልወሰድኩም። አልፎብኛል?»

አሥር ቀን አሉኝ? ጋሼ፣ አላለፈብዎትም፤ ግን ሊያልፍ ነው። ለአካልም ለንብረትም ጉዳት ይርጋው ሦስት ዓመት ነው። ከዚያ ቀን በፊት ክሱ ፍርድ ቤት መግባት አለበት። ከገባ በኋላ መጥሪያውን ለማድረስ 90 ቀን አለን። እርስዎ ቡና ላይ አይሂዱ። ልጆች፣ ለጋሼ ስኒ እዚህ አምጡላቸው። እዚህች ወንበር ላይ ይቀመጡልኝና ያንን የፖሊስ ሪፖርት ያውጡት። ቀኑ ስንት ይላል?